ከሽንኩርቱ ሥር የተደበቀው ሞተር

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ባቱ

ለዚህ ጉዞ የተነሳሁት ለሽርሽር አይደለም፤ ለዘመድ ጥየቃም አይደለም። ምን አስዋሸኝ! ሐዋሳ የሄድኩት ማርቆስ የሚባል ሰው ሥራ ልሰልል ነው።

መተዳደሪያዬ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ እንደ አዲስ መጠቅለል ነው። እዚህ ባቱ ወይዘሮ ዘነበች የሚባሉ ሴት ወደ ደሴቶቹ ሰው የሚያመላልሱ ጀልባዎች አሏቸው። ነዳጅ ሲወደድ በእኔ ምክር ወደ ኤሌክትሪክ ሞተር ዞሩ። ዓመት ሳይሞላ ሁለት ሞተር ሞተብኝ፤ ሁለቱም ውስጣቸው ዝጎ፣ መዳቡ አረንጓዴ ለብሶ። ሦስተኛውን ስገጥም ወይዘሮ ዘነበች አጠገቤ ቆመው፣ "ተስፋዬ፣ ይሄም ከዛገ ካንተ ጋር አልጨቃጨቅም። የሐዋሳውን ልጅ አስመጣለሁ" አሉኝ።

የሐዋሳው ልጅ ያሉት ማርቆስን ነው! ምን ልጅ አለው፣ እኩያዬ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ሻሸመኔ፣ በጋሽ ሙዘሚል ወርክሾፕ ውስጥ አብረን ሽቦ ጠቅልለናል። ያኔ ስሙ የሚጠራው የእኔ ነበር። ጋሽ ሙዘሚል ከወርክሾፑ ጎን ላቫጆ ነበራቸው፤ ለመኪና ማጠቢያው ውሃ የሚገፉትን የሁለቱን ፓምፖች ሞተር አንዱን እኔ፣ አንዱን ማርቆስ ጠቀለልን። የእሱን በየጊዜው ዝገት ይበላዋል፤ የእኔ ግን ምንም አይነካው። "ማርቆስ፣ እንደ ተስፋዬ ጠቅልል!" ይሉት ነበር ጋሽ ሙዘሚል፣ ያውም ደንበኛ ፊት። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ ይዣት እኖራለሁ።

እኔ ደግሞ የማላደርገው ጥንቃቄ የለም። የሞተሩን ክዳን ዙሪያውን በሲልኮን እደፍናለሁ። ጀልባዋ ከሐይቁ ስትገባ ሞተሩ ሳይበርድ በሸራ ጠቅልዬ፣ በሰንሰለት አስሬ እቆልፍበታለሁ። ከዝናብም ከሰው ዓይንም። ባቱ ውስጥ አጠቃለሌን ሊሰርቅ አንገቱን የሚያሰግግ ሞልቷል፤ በተለይ ጎረቤቴ፣ ጄኔሬተር ጠጋኙ ገረሱ። ሙያ በልብ ነው፤ ሜዳ ላይ አይዘረገፍም።

ሁለተኛውን የሞተ ሞተር ጆንያ ውስጥ ከተትኩና ከላዩ ሽንኩርት ሞላሁበት። ሐዋሳ ሱቆች ውስጥ ልኩን ኩሽኔታና የክዳን ማሸጊያ ጎሚኒ ልገዛለት ነው እንጂ ለማርቆስ ላሳየው አልነበረም። እሱ ካየው ሞቴ ነው።

በመንገድ ላይ

የሚኒባሱ ረዳት ጆንያውን ሊያነሳ ሞከረና ተወው። "ጋሼ፣ ሽንኩርት ነው ድንጋይ?"

"የባቱ ሽንኩርት ነው። ፍሬ ያለው" አልኩት።

የአንድ ሰው ሂሳብ ጨምሮ አስከፈለኝ። ከሾፌሩ ራስ በላይ በትልቁ "ምቀኛ አታሳጣኝ" ተብሎ ተለጥፏል። እኔን የሚሰድበኝ መሰለኝና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ቡልቡላን አለፍን። ላንጋኖ በስተግራ ቡናማ ውሃውን ዘርግቶ ከግራሮቹ መሀል ብቅ ጥልቅ ይላል። ነጌሌ ላይ ሰው ወርዶ ሰው ተጫነ፤ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ሙዝ ልጠው ግማሹን ሰጡኝ። ሻሸመኔ መኪና ስቀይር ዓይኔ የጋሽ ሙዘሚልን ወርክሾፕ ፈለገ። ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። ላቫጆውም የለም።

ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል፣ አዲስ ከተማ

ሐዋሳ ሰማዩ ደመና ይዟል፤ የግንቦት መጨረሻ ነው። ባጃጅ ይዤ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ወረድኩ። የመለዋወጫ ሱቋ ባለቤት ሻሿን ሸብ ያደረገች፣ አፈ ጮሌ ሴት ናት።

"ለጀልባ ሞተር የሚሆን ጎሚኒ አለሽ እህቴ? ውሃ የማያስገባ፣ ወፍራም።"

"አለ። ግን ማርቆስን አታውቀውም እንዴ? ጎሚኒ በዓመት አንዴ ቢገዛኝ ነው። ግራሶ ነው የሚወስደው። ሂድና ጠይቀው፣ አይደብቅህም።"

አይደብቅህም! ሰው ሁሉ እንዲህ ይበልለት? ጎሚኒውን ከሚያስፈልገኝ እጥፍ ገዝቼ ወጣሁ። እልህ ነው።

ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ሐይቁ ዳር

አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ዓሣ ለብለብ በዳጣ በላሁ፤ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር። ጣፋጭ ነበር፣ ግን አልወረደልኝም። ቆቤን እስከ ቅንድቤ ደፍቼ፣ ጆንያዬን ታቅፌ፣ እንደ ማንኛውም ጎብኚ ከፍዬ ማርቆስ ሞተሯን የሠራላት ጀልባ ላይ ወጣሁ። ተሳፋሪዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ጀልባዋ ያለ ድምፅ ሄደች። አንዷ ተማሪ፣ "ውይ፣ ድምፅ የለውም እኮ! ማነው የሠራው?" አለች።

"ማርቆስ ነዋ" አለ ነጂው።

ማርቆስ ነዋ! እርር ድብን አልኩ። የሰው አድናቆት ሳይሆን የሞተሩ ጤንነት ነው ያናደደኝ፤ አንዴም አልተንተባተበም።

ዳር ስንደርስ ግን ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ነጂው ሞተሩን ከላይ በንጹሕ ውሃ አለቀለቀ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ ብሎኖቹን ፈትቶ ክዳኑን አነሳና፣ የሾላ ጥላ ሥር ሆዱን ከፍቶ ጥሎት ምሳ ሄደ! ዓሣ ሻጩም ሊስትሮውም እያየው ያልፋል። ይሄ ሰው አብዷል ብዬ ጎንበስ አልኩ። መዳቡ ዛሬ የተጠቀለለ ይመስላል፤ ቀይ፣ ደረቅ። ቀናሁ። በቃ፣ ሌላ ስም የለውም።

"ተስፍሽ! አንተ ነህ? ዳኤ ቡሹ!" የሲዳማውን የእንኳን ደህና መጣህ ሰላምታ ከኋላዬ ሰማሁ። ማርቆስ ነው። አቅፎ ከመሬት አነሳኝ። "በቆብህ ተደብቀህ ነው? ሞተር ስታይ እንዴት እንደምታጎነብስ እኔ ይጠፋኛል?"

"ለአንተ ሽንኩርት ይዤ መጥቼ…" አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ጆንያውን ተቀብሎኝ ትከሻው ላይ ጣለው።

ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ምሥራቅ

ወርክሾፑ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው፤ በሩ ክፍት፣ ሰው ገብቶ ይወጣል። ማርቆስ ጆንያውን ሲዘረግፈው ሽንኩርቱ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፣ ከኋላው ሞተሬ ዷ ብሎ ወደቀ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማርቆስ ሞተሩን አነሳው። ሲልኮኑን በቢላ ቀዶ፣ ክዳኑን በካቻቢቴ ፈነቀለው። ውሃ ጠብ ጠብ አለ።

"ውሃው በየት ገባ? ቀዳዳ እኮ የለውም" አለች ከዩኒቨርሲቲ ለልምምድ የመጣች ሰላም የምትባል ልጅ።

"ትኩስ እንጀራ ፌስታል ውስጥ ብትቋጥሪ ምን ይሆናል?" አላት።

"ያልበዋል። ከዚያ ይሻግታል።"

"ይሄም እንደዚያ ነው። የውስጡ አየር እርጥበት አለው፤ ሞተሩ ሲበርድ ውሃ ይሆናል። መውጫ ካጣ መዳቡን ይበላል።" ወደ እኔ ዞረ። "ለምንድነው እንዲህ ያሸግከው?"

"ለዝናብ" አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ። ሰላምም አየችኝ። "ሰው እንዳያይብኝ" አልኩ በመጨረሻ።

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ካቻቢቴውን በእጁ እያሽከረከረ፣ "የላቫጆው ሞተርህ ለምን እንዳልዛገ ታውቃለህ?" አለኝ።

"በደንብ ስለጠቀለልኩት ነዋ!"

"አንተ ምሳ ስትወጣ እከፍተው ነበር። በየቀኑ። ቀንቼብህ፣ ተስፍሽ! ጋሽ ሙዘሚል ስምህን በጠሩ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። ምስጢሩ ምንድነው እያልኩ ክዳኑን አንስቼ አፈጥበታለሁ፤ ልትመጣ ስትል እዘጋዋለሁ። የራሴን ምን ብዬ ልክፈተው? የማውቀውን! አንተ ባቱ ስትሄድ የምቀናበት ሰው ጠፋ፤ መክፈቱንም ተውኩ። ያንተው ሞተር በሁለት ወሩ ዛገ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው።"

አሥር ዓመት ሙሉ አንዲት ነገር ነበረችኝ፤ "እንደ ተስፋዬ ጠቅልል" የምትል። እሷንም ወሰደብኝ። እውነቱን ሲነግረኝ እንኳ ቀናሁበት፤ ምነው ቀድሜው እኔ ባወቅኩት ብዬ።

እስኪመሽ ድረስ አልደበቀኝም። ሐይቃቸው ጨው ቀመስ ስለሆነ ቀድሞ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፣ ሲበርድ በጥላ ከፍቶ ማናፈስ፣ ዝናብ ከሆነ ቤት ውስጥ፣ ለብሎኑና ለዘንጉ ግራሶ፣ ለጥቅልሉ ቫርኒሽ፣ ከሥር ላቡ የሚወርድባት ትንሽ ቀዳዳ። ሁሉንም ጻፍኩ። ሽንኩርቱን ለቅመን እሱ ጋ ቀረ።

እሑድ፣ ባቱ

ወይዘሮ ዘነበች ጀልባዋ ጋ ጠበቁኝ። "ከሐዋሳ ምን ገዝተህ መጣህ?"

"ጎሚኒ ገዝቼ ነበር፣ እትዬ። አያስፈልግም።"

ሰንሰለቱን ፈትቼ ሸራውን ገፈፍኩ። ሲልኮኑን በቢላ ፋቅኩት። ክዳኑን አንስቼ ሞተሩን ጥላ ውስጥ ሳስቀምጠው ገረሱ ከየት መጣ ሳልለው አጠገቤ ቆሟል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አጠቃለሌን አፍጥጦ አየው። ሸራውን መልሼ ልጥልበት አሰብኩ። ከንፈሬን ነክሼ ተውኩት።

ይኸው ክረምቱ ወጣ። ሦስተኛው ሞተር አልዛገም፤ ወይዘሮ ዘነበችም ሐዋሳ አልደወሉም። ጉዞው ከቅናት ፈወሰኝ ብዬ አልዋሽም። ገረሱ ምሳ ሰዓት እየመጣ ባፈጠጠ ቁጥር ሸራውን ልጥልበት ይቃጣኛል፤ እሱ መምጣቱን ሳይ ግን ክዳኑን አነሳለሁ፣ ያየዋል፣ ሞተሩም ይናፈሳል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ቀረ። ሦስተኛው ቀን ላይ ክዳኑን ብከፍተው ውስጡ አልቦታል። ለካ ገረሱ በሌለበት ሁለቱንም ቀን መክፈቱን ረስቼዋለሁ።

ያ የሚኒባሱ ጽሑፍ፣ "ምቀኛ አታሳጣኝ" የሚለው፣ ትዝ አለኝ። ሞተሩን በጨርቅ ጠረግኩና፣ ክዳኑን ክፍት ትቼ፣ ገረሱን ፍለጋ ቤቱ ድረስ ሄድኩ።