«ለጥፍ» የሚል ቁልፍ

ሽማግሌው ወደ ቢሮዬ የመጡት ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ሦስት ፎቅ በደረጃ ወጥተው ስለነበር ትንፋሻቸው እስኪመለስ ወንበሩ ላይ ዐረፍ አሉ። ከዚያ ከፌስታል ውስጥ ጥቁር ልባስ ያለው ደብተር አወጡና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ካዛንቺስ ውስጥ ባለ አንድ እድር ከሃያ ዓመት በላይ በጸሐፊነት አገልግለዋል።

«ሰፈሩ ሲነሳ አባሎቻችን ተበተኑ» አሉኝ። «ገላን የሄደ አለ፣ አራብሳ የሄደ አለ፣ ልጁ ጋ የተጠጋም አለ። ድሮ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ የእድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ወረቀት ይለጠፋል፣ በቃ። አሁን ጡሩምባውን የት ሄደን እንንፋው? ግድግዳውም የለም።»

ቴሌግራም አልሞከሩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ልጆቻቸው ከፍተውላቸው ነበር። ግን የበዓል ምኞቱና የአበባው ሥዕል እየተደራረበ የሞት ማስታወቂያውን ይውጠዋል። አንድ አባል የገዛ ጎረቤታቸውን ሞት የሰሙት ከተቀበረ ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

«ስለዚህ ግድግዳ ሥሪልን» አሉ። «ስንከፍተው ማስታወቂያው ብቻ የሚታይ። የምጽፍበት ደግሞ እኔ ነኝ። ሰው በሞተ ቁጥር አንቺን ማስቸገር የለብኝም። በጀታችንም ትንሽ ነው።»

እሺ አልኳቸው። ሥራዬ ይኸው ነው፤ አቅማቸው ትንሽ ለሆነ ድርጅቶች ዌብሳይት እሠራለሁ። ለዳቦ ቤት፣ ለመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ፣ ለልብስ ስፌት። ቢሮውን ስንከፍተው ሁለት ነበርን። ጓደኛዬ ደህና ደሞዝ ያለው ሥራ አግኝታ ከሄደች በኋላ ጠረጴዛዋ ላይ ፕሪንተር አስቀመጥኩበት፣ ባዶነቱ እንዳይታየኝ። ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ የማናግረው ሰው ቢኖር የሚደውል ደንበኛ ነው። «ስልክ ቁጥራችን ተቀይሯል፣ አስተካክይልን» ይሉኛል። «የቅዳሜው ሰዓት ተሳስቷል» ይሉኛል። ሁሉም ራሳቸው ማስተካከል ይችሉ ነበር፤ ግን ሰው ሁሉ ዌብሳይት የሚያዘጋጅበትን ትልቁን የኮምፒውተር መሣሪያ ነበር የጫንኩላቸው፣ እሱን ሲከፍቱት የቁልፉ ብዛት ያስፈራቸዋል። በስልኩ ብዛት አማርር ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ስልኩ ሳይጮህ የዋለ ቀን፣ ማታ ከሱቅ ዳቦ ስገዛ ድምፄ ሻክሮ ነበር የሚወጣው።

ለእድሩም መጀመሪያ የሠራሁት በዚያው በለመድኩት መሣሪያ ነው። ረቡዕ ሽማግሌው መጡ። ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አዞርኩና እጄን ላላስገባ ከራሴ ጋር ተስማምቼ ከኋላቸው ቆምኩ። መነጽራቸውን አደረጉ። በግራ በኩል የተደረደሩትን የእንግሊዝኛ ቃላት አንድ በአንድ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ እንግሊዝኛውን ያውቁታል። ግን የትኛው ቃል ወደ ማስታወቂያው እንደሚያደርስ አልገባቸውም። አንዱን ነኩ፣ ሌላ ገጽ ተከፈተ። ለመመለስ ሌላ ነኩ፣ የገጹ ቀለም ተቀየረ። በመጨረሻ እጃቸውን ሰብስበው ደብተሩ ላይ አሳረፉት።

«አበላሸሁት መሰለኝ» አሉ።

«አልተበላሸም፣ ጋሼ።»

«ግዴለም። በእጅ ጽሑፍ ጊዜ ከእኔ የተሻለ አልነበረም» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ካዛንቺስን ቁልቁል ያሳያል መስኮቱ። እኔም አብሬ አየሁ። የሚያዩት የፈረሰውን ይሁን የሚሠራውን አልጠየቅኳቸውም።

የዚያን ሳምንት ሌሎች መሣሪያዎች ፈለግሁ። አንዱ ያምራል፣ ግን በየወሩ በዶላር ይከፈልበታል፤ እድር ከየት አምጥቶ? ሌላው ነጻ ነው፣ ግን አማርኛ ሲጻፍበት ፊደሉን ይሰባብረዋል። እሑድ ዕለት አንድ ትንሽ ነገር አገኘሁ። ሠሪዎቹ እንኳ ብዙም አያወሩለትም። ጽሑፉን ትነካለህ፣ ትጽፋለህ፣ አለቀ። በስልክም ይሠራል። ቁልፎቹንም ወደ አማርኛ መመለስ ይቻላል።

ያን እሑድ ቂርቆስ የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ መመዝገቢያውን አዘጋጀሁ። ከሽማግሌው ደብተር የገለበጥኳቸው መስኮች ነበሩ፦ የሟች ስም፣ የቀብር ቦታ፣ ሰዓት፣ ለቅሶ የሚደረስበት ቤት። ለሙከራ የሚሆን ስም አስፈለገኝ። የሰው ስም ማስገባት አልወደድኩም፤ ሟርት መስሎ ታየኝ። ስለዚህ የራሴን ጻፍኩ። ቀብር ብዬ ቂርቆስን ጻፍኩ። ሰዓት ዘጠኝ። የመጨረሻው መስክ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። እናቴ አርፋለች። ወንድሜ ሐዋሳ ነው፣ በዓመት አንዴ እንገናኛለን። ይህ ክፍል የሰው ግቢ ውስጥ ያለ ነው፤ አከራዬ ድንኳን ልታስተክል አትችልም። ለሙከራ ነውና ያገኘሁትን ብጽፍ ምን ነበረበት? አልቻልኩም። ባዶውን ተውኩትና ልብስ ላጥብ ወጣሁ።

ማክሰኞ ሽማግሌው ሲመጡ ሙከራውን ማጥፋት ረስቼ ነበር። ገጹን ከፍተው ጮክ ብለው አነበቡት፣ እንደ ለፋፊ።

«ይቺ ልጅ ለቅሶዋ የት ነው የሚደረሰው?»

«ሙከራ ነው፣ ጋሼ። ማለቴ፣ የእኔ ስም ነው።»

ዞር ብለው አዩኝ። «እድር አለሽ?»

«የለኝም።»

ወደ ሥራችን ተመለስን። «አስቀምጥ» ብዬ የተረጎምኩትን ቁልፍ አልወደዱትም። «ማስቀመጥማ መሳቢያ ውስጥ ነው። እኔ የምፈልገው ሰው እንዲያየው ነው» አሉ። «ለጥፍ» አልኩት። «ሰርዝ» የሚለውንም አስቀየሩኝ። የሞተ ሰው አይሰረዝም፣ ማስታወቂያው ጊዜው ሲያልፍ ይነሳል እንጂ። «አንሳ» ሆነ። ከዚያ የእኔን ስም በጣታቸው ነክተው አነሱት፤ መጀመሪያ የሠሩት ሥራ እሱ ነው።

ደረጃው ጋ ስሸኛቸው ቆም አሉ። «ደንባችን አባል የሚሆነው የሰፈሩ ነዋሪ ነው ይላል። አሁን እኛ ራሳችን ሰፈሩ ውስጥ የለንም። ከሁላችንም ለሰፈሩ የምትቀርቢው አንቺ ነሽ። ለኮሚቴው አነሳዋለሁ።»

የመጀመሪያው እውነተኛ ማስታወቂያ የወጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። አንዲት እናት ዐርፈዋል፤ ለቅሶው ገላን። ማንም አልጠራኝም፣ ግን ሄድኩ። ከስታዲየም ባቡር ይዤ ቃሊቲ ወረድኩ፣ ከዚያ በታክሲ። ድንኳኑ ሞልቷል። በርቀት ሽማግሌው ወንበር ሲያስተካክሉ አየኋቸው፤ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላም አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «የማን ነሽ?» አሉኝ።

«የማንም አይደለሁም። ገጹን የሠራሁት ነኝ።»

«የምን ገጽ?»

«ማስታወቂያው የሚወጣበት። በስልክ።»

«እሱን እንኳ ልጄ ናት ያነበበችልኝ» አሉና ከንፍሮው በእፍኛቸው ጨመሩልኝ። ከዚያ ከወዲያ ካሉት ሴቶች ጋር ስለ አንድ የድሮ ቦኖ ውኃ፣ ስለ አንድ ግቢ ማውራት ጀመሩ። ሁሉም ያውቁታል። እኔ የምጨምረው አልነበረኝም። ንፍሮዬን ጨርሼ፣ ለቤተሰቡ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ወጣሁ።

ኮሚቴው ጉዳዬን አየው። ሽማግሌው ደወሉልኝ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። እድሩ ራሱ በአዲስ እስኪደራጅ ድረስ አዲስ አባል አይቀበልም፣ ተወስኗል። «ችግር የለም፣ ጋሼ» አልኳቸው። ችግር ግን ነበረው። ከፍቶኝ ዋልኩ። እንዳልጠበቅሁ አስመስዬ ስጠብቅ ነበር የከረምኩት።

መሣሪያውን በኋላ ለዳቦ ቤቱም፣ ለማሠልጠኛውም፣ ለልብስ ሰፊዋም ጫንኩላቸው። ሁሉም ቻሉት። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ዋጋ ሲቀየር ራሱ ያስተካክላል፤ ልብስ ሰፊዋ የአዲሱን ሱቋን አድራሻ ራሷ ጻፈች። ጥሩ መርጬ ነበር። እንዲህ ቢሮዬ ጸጥ አለ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሻይዬን ይዤ የእድሩን ገጽ እከፍታለሁ። የስብሰባ ጥሪ፣ የታመመ ሰው ስም፣ የጠፋ ድስት። አንዳንዴ የፊደል ግድፈት አያለሁ፤ ፓስዎርዱ እጄ ላይ ስላለ ማረም እችላለሁ፣ ግን አልነካውም። ባለፈው ሳምንት ግን ስብሰባው «ቅዳሜ» ተብሎ ቀኑ የእሑድ ሆኖ ተለጥፎ ነበር። ሽማግሌዎች ከአራብሳ ድረስ በከንቱ እንዳይመጡ ብዬ ደወልኩ።

«እሑድ ነው፣ እሑድ ነው» አሉ። «ቆይ፣ ስልኩን አትዝጊው።» በሌላው ስልካቸው ሲነካኩ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በድምፅ ሲጠሩ ሰማሁ። «ለጠፍኩት። እስቲ እዪው።»

አየሁት፤ ተስተካክሏል። ነገርኳቸው። ሌላ የምንነጋገረው አልነበረም፤ ሁለታችንም ግን አልዘጋንም።

«ምሳ በላሽ?» አሉኝ።

ገና አራት ሰዓት ነበር። «አልበላሁም» አልኳቸው።

«ብዪ እንግዲህ» አሉ፣ ትንሽ ቆይተውም ዘጉት።