የወንድሜን ፎቶግራፍ የወሰደው እንግዳ

ልጆቼ «እማዬ፣ አንቺ እኮ ሰው ጠል ነሽ» ይሉኛል። ይበሉ! ቤት ለቤት የሚዞር ነጋዴ ምንጣፍ ይያዝ፣ ማር ይያዝ፣ ከአጥር ውጭ ቆሞ ነው የሚያናግረኝ። «እናቴ፣ ውሃ ጠማኝ» ካለኝም ውሃውን በጣሳ አወጣለታለሁ እንጂ ደጃፌን አያልፍም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኛ ቤት የተመነጠረው ንብረት ብቻ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ባላነሳሁት ነበር። ንብረት ይተካል።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ጊዜ፣ ነቀምት ውስጥ ነው። አባቴ ከሸዋ የመጣ ልብስ ሰፊ ነበር። ገበያው ዳር ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ የእግር መኪናውን ዘርግቶ ይሰፋል። እናቴ የዚያው አገር ልጅ ናት፤ ወንጌል የተቀበለች፣ እሁድ እሁድ መዝሙር ስትዘምር ከሩቅ የምትለይ። አባታችን በአማርኛ ይቆጣናል፣ እሷ በኦሮምኛ ታባብለናለች። ስለዚህ እንደ አገሩ «ሀርሜ» ነበር የምንላት። እንላት የነበርነው እኔና ታላቅ ወንድሜ ነን፤ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም።

ወንድሜ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሥራ ጀመረና መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ፎቶግራፍ ተነሣ። በሕይወቱ የተነሣው እሱን ብቻ ነው። ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ጉርድ ፎቶግራፍ! ለፈቃዱ ከሚያስፈልገው የተረፈችውን አንዷን ለሀርሜ ሰጣት። ፈቃዱን ካገኘ ብዙም ሳይቆይ ዲዴሳ ቆላ ውስጥ መኪናቸው ተበላሽቶ ሲያድሩ ንዳድ ያዘው። አብረውት የነበሩት እዚያው ቀበሩት፤ ፈቃዱም ከኮቱ ኪስ ሳይወጣ አብሮት ተቀበረ። ለእኛ የደረሰን መርዶው ብቻ ነው።

ሬሳ በሌለበት ለቅሶ ሰው ምኑን አይቶ ያለቅሳል? ሀርሜ ያቺን ጉርድ ፎቶ በመርፌ ቁልፍ ደረቷ ላይ ሰክታ ተቀመጠች። ሰዉ ይመጣል፣ ጎንበስ ብሎ ደረቷን ያያል፣ ያለቅሳል። ከለቅሶው በኋላ በመሐረብ ጠቅልላ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ጋር አኖረቻት። ጸሎቷን ስትጨርስ አውጥታ ታያታለች፣ መልሳ ትጠቀልላታለች። ዓይኗ እየደከመ ሲሄድ ደግሞ ወደ መስኮቱ ታስጠጋት ጀመር። «ትንሽ ሆነብኝ፤ ልጄ በጣም ትንሽ ሆነብኝ» ትላለች።

ሰውየው የመጣው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ከሲሬ በኩል ከሚመጣው አውቶቡስ ወርዶ ሰፈራችንን ከታች ጀምሮ ሲዞር አርፍዷል። ካኪ ኮት ለብሷል፣ የቆዳ ቦርሳ አንግቷል፣ ዕድሜው ከወንድሜ ዕድሜ አይርቅም። እርጉም! ግን ምን ያደርጋል፣ ሲያዩት ፊቱ ላይ ክፋት የሚባል ነገር የለም። ከበሩ ላይ ሆኖ ጎንበስ አለና «አከም ቡልተን፣ ሀርሜ ኮ?» አለ፤ «እንዴት አደሩ፣ እናቴ?» ማለቱ ነው። ሀርሜ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች። በወንድ ልጅ ድምፅ «ሀርሜ» ስትባል ከመርዶው ወዲህ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። «ግባ፣ ልጄ፣ ግባ» አለችው።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ደንብ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ጅሎች ነበሩ ትሉናላችሁ። እኛ ዘንድ ደጅ የመጣ እንግዳ ሳይበላ «ማን ነህ? ምን ፈልገህ መጣህ?» አይባልም፤ ነውር ነው። ከበላ በኋላ ደግሞ ማዕድህን የቀመሰ ነውና ክፉ አይወራበትም። እንግዲህ መቼ ነው የሚጠየቀው? ይህን ያኔ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

እጁን አስታጠብሁት። ሀርሜ አንጮቴ ቀቅላ ነበር፤ እሱ የወለጋ ሥራ ሥር በቅቤ ተለውሶ ለክብር እንግዳ የሚቀርብ ነው። ከመብላቱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ በኦሮምኛ ጸለየ፤ እናቴም «አሜን» አለች። ጠግቦ ሲበቃው ቦርሳውን ከፈተና በመስታወት የተለበጠ ትልቅ የሰው ምስል አወጣ። ጉንጩ ቀላ ያለ፣ ክራባት ያሰረ ሰው ነው። ከጎኑ የዚያኑ ሰው ጉርድ ፎቶ ያዘና «ሀርሜ ኮ፣ ይቺ ናት ይህን ያከለችው። አዲስ አበባ ያለው ሰዓሊያችን ትንሿን ያሳድጋታል፣ ቀለም ያለብሳታል። እናት ልጇን ከአልጋዋ ላይ ሆና እንድታይ ነው» አላት።

እናቴም እንዲያው ዘላ አልገባችበትም። የዚያ ዘመን ሰው ያለ ዋስ መርፌ አይሰጥም። «ዋስ አለህ?» አለችው። «ከታች ያሉትን የመምህሩን ባለቤት ይጠይቁ» አለ። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ሄደች፤ እኔም ተከተልኋት።

«ይህን ልጅ ታውቂዋለሽ ወይ?» አለቻት ሀርሜ።

የመምህሩ ሚስት ቡና ስታለቅም ነበር። ቀና ሳትል «እኔ ቤት በልቷል» አለች።

በቃ። እናቴ ከዚህ የበለጠ ዋስ አልፈለገችም፤ ምስጋናዋን አድርሳ ተመለሰች። ጎረቤታችን ግን ያን ጊዜ ሰውየውን ጠርጥራው ኖሯል። የሟች አባቷን ፎቶ ስትሰጠው ሰውየው እንደ ብጣሽ ወረቀት ቦርሳው ውስጥ ሲያጭቀው አይታለች። በኋላ ደረቷን እየመታች «ማዕዴን የቀመሰውን እንዴት ሌባ ይሆናል ልበል? ምላሴ ታሰረ!» አለችን። ወይ ምላስ! ለሐሜት ጊዜ የሚፈታው ለደህና ነገር ይታሰራል።

አባቴ ለምሳ ሲመጣ ነገሩን ሰማና ፊቱን አጠቆረ። እሱ የሰው ወሬ ቶሎ አያምንም ነበር። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ አንቺም ሞኝ ሁኚና አትልቀቂ» አላት። ሰውየው አልተቆጣም። በአባቴ ትከሻ ላይ የተንጠለጠለውን የልብስ ሰፊ ሜትር አየ፣ ግድግዳችንን አየ፣ ከዚያ በቀስታ «አባባ፣ ሰዓሊው ከፈለጋችሁ ኮት ያለብሰዋል» አለ።

አባቴ ሜትሩን ከትከሻው አወረደ። ለልጁ ሠርግ ኮት በገዛ እጁ ሊሰፋ ሲመኝ የኖረ ሰው ነው፤ ጨርቁን እንኳ በሐሳቡ መርጦ ነበር። «ምን ዓይነት ኮት?» አለ።

አለቀልን። አባቴ ከኪሱ የልብስ ምልክት ማድረጊያውን ጠመኔ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ኮሌታውን ይነድፍለት ጀመር። ቁልፉ ሁለት ረድፍ ይሁን፣ ትከሻው አይውደቅ፣ ልጄ ትከሻው ሰፊ ነበር። ሀርሜ «ሰማያዊ ይሁን» ትላለች። አባቴ «ሰማያዊ የዘበኛ ነው፤ ግራጫ ይሁን» ይላል። «አንተ ሁልጊዜ ግራጫ!» «አንቺ ስለ ኮት ምን ታውቂና!» ተጨቃጨቁ፣ ደግሞም ሳቁ። ከመርዶው ወዲህ በዚያ ቤት ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ያን ቀን እኔም ሰውየውን ወደድሁት። በመጨረሻ በእናቴ ሰማያዊ ተስማሙና ያ «አትልቀቂ» ሲል የነበረው አባቴ ፎቶዋን ከመሐረቡ ፈትቶ በገዛ እጁ ሰጠው። ለፍሬሙና ለመስታወቱ መያዣ ገንዘብም ጨመረለት። ሰውየው ለመስቀል አደርሳለሁ አለ። ሀርሜ እስከ መንገዱ ሸኘችው።

በማግሥቱ ከፊታችን ያሉት የጎጃም ሴትዮ፣ ባላቸውን የቀበሩ አሮጊት፣ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ያ ልጅ የሚታመን ነው?» ሲሉ እናቴን ጠየቋት። «እኛ ቤት በልቷል» አለቻቸው። እሳቸውም የባላቸውን ፎቶ ሰጡት።

መስቀል መጣ፣ ሄደ። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ሀርሜ በር ላይ ናት። «ዝናቡ መንገዱን ዘግቶበት ይሆናል» ትላለች። ቀጥላ ደግሞ «ታሞ ይሆን እንዴ? እናቱ ትጨነቅ ይሆናል» ብላ ለእሱ ትጸልይ ጀመር። ለሌባው! እኔ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ኅዳር ሲገባ አባቴ ሥራውን ትቶ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። «ስሙ ማን ይባላል?» አሉት። አባቴ አላወቀም። የመምህሩ ሚስት ተጠራች፣ አላወቀችም። አሮጊቷም አላወቁም። ያ ሁሉ ቤት አብልቶታል፣ መርቆታል፣ «ልጄ» ብሎታል፤ ስሙን የጠየቀው ግን አንድ ሰው አልነበረም። ፖሊሱ ብዕሩን ከደነና «በሉ ሂዱ» አላቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

አባቴ ግን አልተወም፤ በጭነት መኪና ለምኖ ተሳፍሮ ሲሬ ወረደ። እዚያም የኛን የመሰሉ ቤቶች አገኘ፤ ሴቶቹ እሱኑ ከበው «አገኘኸው ወይ?» ይሉታል። ከሲሬ ወደ አኖ ሄደ። አኖ መንገድ ዳር ያለች አንዲት አልቤርጎ የምታከራይ ሴት ሰውየውን አወቀችው። ክፍሏ ውስጥ ሰንብቶ፣ የቤት ኪራይ ሳይከፍል፣ ጎህ ሳይቀድ ጠፍቶባታል። አልጋው ሥር በገመድ የታሰረ የፎቶግራፍ ጥቅል ጥሎ ነበር። ለእሱ ምን ያደርግለታል? እሱ የፈለገው መያዣውን ነው።

«የት አለ ጥቅሉ?» አላት አባቴ።

«ይመለሳል ብዬ አስቀምጬው ነበር» አለችው። «ጣራው አፈሰሰበትና እርስ በርሱ ተጣበቀ። ኋላ እሳት አያያዝሁበት።»

«አንድ ልጅ… ጉርድ ፎቶ… ወጣት ልጅ አላየሽም?»

«ወንድሜ፣ ስንቱን ፊት ልያዝ?» አለችው። ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም አለ አባቴ። ቁጭ በል ብላ ውሃ ሰጥታዋለች።

ይህን ሁሉ ቤት መጥቶ ሲነግረን ሀርሜ አላለቀሰችም። «እሳት?» አለች። «እሳት» አላት። ከዚያ ተነሥታ የመንገድ ልብሱን ተቀበለችው። እኔ ግን ጮኽሁ፤ ሰውየውን፣ ሴትየዋን፣ የመምህሩን ሚስት፣ አንጮቴውን ሳይቀር ረገምሁ። «ዝም በይ፤ ቤታችን በልቷል» አለችኝ እናቴ። እንዲህ የመሰለ ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አቃጥሏት ሄዶም እንግዳዋ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ግን በራችን ተዘጋ። ሀርሜ የመጣውን ሁሉ በአጥሩ ቀዳዳ «ማን ነህ? ማን ያውቅሃል?» ትላለች። አንድ ቀን የአክስቷ ልጅ ከኑኑ ቁምባ በእግሩ መጥቶ በር ላይ ቆመ፤ ዓይኗ ደክሞ ነበርና አልለየችውም። «ማን ያውቅሃል?» አለችው። የሥጋ ዘመድ እንዲህ ሲባል ምን ይላል? የያዘውን የቅቤ ቅል ከበሩ ሥር አስቀምጦ ተመለሰ፤ እስኪሞት ደጃችንን አልረገጠም። ቤታችን ተጠበቀ። ከእንግዲህ የሚሰረቅ ምን ነበረንና!

ከሁሉ የከፋው ከዓመታት በኋላ ነው የመጣው። እኔ ላገባ ነበር፤ ሀርሜ ደጃፍ ላይ አስቀምጣኝ ፀጉሬን በዳሰሳ ትሠራኛለች፣ አባቴ ከጎናችን የኔኑ የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ በእጁ ይሰፋል። በመሃል እጇን አቆመችና «ያ ቅንድቡ ላይ የነበረው ጠባሳ፣ ፎቶው ላይ እንኳ ይታይ የነበረው፣ በየት በኩል ነበር?» አለች።

«በግራ» አልኋት።

«በቀኝ ነው እንጂ» አለ አባቴ።

«አባባ፣ በግራ ነው! አብሬው ነው ያደግሁት።»

«ፀጉሩን ስከረክም የኖርሁት እኔ ነኝ! በቀኝ ነው!»

እኔ ማልሁ፣ እሱም ማለ። ድምፃችን ከፍ አለ። አውጥተን የምንዳኝበት ፎቶ የለም፤ መሐላ ብቻ ነው ያለን። እናቴ በመካከላችን ቆማ ማበጠሪያውን እንደያዘች አንዴ ወደ እኔ ድምፅ፣ አንዴ ወደ እሱ ድምፅ ትዞራለች። መጀመሪያ ልትፈርድ መሰለኝ። ከዚያ ገባኝ፤ እሷም አታውቀውም።

«ተዉት» አለች። «ወልጄው፣ አጥቤው፣ እዚያችው ጠባሳ ላይ ስሜው… ጠፋብኝ። ተዉት።»

ሹሩባውን ጨረሰችልኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ መልኩ ማናችንንም አልጠየቀችም፤ እኛም አንስተን አናውቅም፤ ብናነሳ ልንጣላ ነው። ሀርሜ ዐረፈች። እኔ ዛሬም በግራ ነው እላለሁ። አባቴ በቀኝ ነው እንዳለ ሞተ።