ከዶሃ ደሴ ለመድረስ

አባቴ አልጋ መያዙን የነገረችኝ ዶሃ ውስጥ አል አዚዚያ በሚባል ሰፈር ለአንድ ቤተሰብ ምግብ የምታበስል የደሴ ሴት ነበረች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። የእሷ ማዳም ስልክ ስለማትከለክላት የአገር ቤት ወሬ የሚደርሰኝ በእሷ በኩል ነበር። እኔ አል ዱሃይል፣ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ማዳም ቤት ነበር የምሠራው።

አይቼው ልመለስ ብዬ የማዳምን ባል፣ ባባን፣ ለመንኩ። ባባ ክፉ ሰው አልነበረም። አገርሽ እኮ ቅርብ ነው፣ ጠዋት ተነስተሽ ከሰዓት ትደርሻለሽ አለኝ። እሱ የሚያውቀው የአውሮፕላኑን መንገድ ነው። ፓስፖርቴ ግን በእሱ እጅ ነበር፤ ያለ እሱ ፈቃድም ከኳታር መውጣት አይቻልም ነበር። ማዳም ትውለድና ትሄጃለሽ፣ ኢንሻአላህ፣ ብሎ ነገሩን ዘጋው።

ማዳም ወለደች። ደግሞ አርባዋ እስኪወጣ ጠብቂ ተባልኩ። ሕፃኑን እያጠብኩ፣ እያስተኛሁ ጠበቅሁ። እትዬን ባገኘኋት ቁጥር ስለ አባቴ እጠይቃታለሁ፤ እንደዚያው ነው ትለኛለች።

ፈቃዱ ሲወጣ ሾፌሩ ኤርፖርት አደረሰኝ። እትዬ ልትሸኘኝ ቀድማኝ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ለአባቴ የገዛሁትን ወፍራም ሹራብ ከሻንጣዬ አውጥቼ አሳየኋት። በእጇ ስትዳብሰው ቆየችና መልሳ አጠፈችው።

«አባትሽ አርፈዋል» አለችኝ። «ማዳምሽ ሳትወልድ ነው ያረፉት።»

ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ። ለምን እንደደበቀችኝ ስጠይቃት አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ብነግርሽ ታለቅሻለሽ፣ እነሱም ይሰማሉ። ከሞተማ ኸላስ፣ አበቃ፣ ምን ልታደርጊ ትሄጃለሽ ይሉሻል። እናትሽን እንኳ ሳታዪ ትቀሪያለሽ። ዛሬም ልነግርሽ አልነበረም፤ ሹራቡን ሳይ አቃተኝ።»

ቤት ወስዶ በዘመድ ፊት መርዶውን የሚያረዳኝ ወንድሜ ነው አለችኝ። እንዳልሰማሁ ሆኜ እንድሄድ ለመነችኝ።

የአውሮፕላኑን መንገድ አላስታውሰውም። ወንድሜ አዲስ አበባ ተቀበለኝ፤ በማግስቱ ማለዳ የደሴ አውቶቡስ ተሳፈርን። ፀጉሩን ተላጭቶ ሐዘኑ እንዳይታወቅበት ኮፍያ አድርጓል። ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስለ ዶሃ ሙቀት፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ አወራን። ስለ አባቴ ዝም ብል ማወቄን ይጠረጥራል ብዬ ፈራሁ። ጣርማ በርን ስናልፍ ብርዱ ሲገባ፣ አባባ እንዴት ነው አልኩት።

«ደህና ነው። ይጠብቅሻል» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ልይዘው እጄን አንስቼ መልሼ አወረድኩት።

ደሴ የደረስነው መሽቶ ነው። አክስቴ ቤት አሳደሩኝ፤ ሲነጋ ዘመድ ተሰብስቦ አረዳኝ። እንደ አዲስ ጮህኩ፤ ለማስመሰል አልነበረም። እናቴ ሻሿ እስኪወልቅ አቅፋኝ፣ ምነው ቀደም ብለሽ በመጣሽ አለችኝ። ሻሿን አንስቼ መልሼ አሰርኩላት።

ሹራቡን ወንድሜ ወሰደው። እኔ ጥቁር ለብሼ ዶሃ ተመለስኩ። እዚያ ሴቱ ሁሉ ከቤት ሲወጣ ጥቁር ስለሚለብስ፣ ሐዘንተኛ መሆኔን ማንም አልለየም። ማዳም ሕፃኑን አቀበለችኝና፣ ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ሌሊቱን አልተኛም፣ አስተኚው አለችኝ።