ወባ ጀርባ አይተለትልም

«አጣርተናል፤ ውሸታም ነሽ!» አለኝ የጣቢያው አዛዥ።

የታሰርኩባት ክፍል ቀድሞ የበርበሬ መጋዘን ነበረች። ዓይኔ ያቃጥለኛል። ያለቀስኩ እንዳይመስለው አፍጥጬ አየሁት።

ጥፋቴ ይኼ ነው፦ አጎቴን በግብር ሰበብ አስረውት ሰነበቱና ለቀቁት፤ ቤቱ በገባ በሳምንቱ ሞተ። እኔም በተለቀቀ ሰሞን ለክረምት ከዳንግላ ትምህርት ቤት መጥቼ ነበርና፣ ከቀብሩ በኋላ ገበያ መሃል «ገርፈው ገደሉት» አልኩ።

«ማን አጣራ?» አልኩት።

«አገሩ በሙሉ አውጫጭኝ ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹ አንድ ባንድ ጠየቁ። ሲገረፍ ያየ የለም። ሰውዬው ጫግኒ ወርዶ ወባ ይዞት ነው የሞተው።»

«ወባ ጀርባ ይተለትላል?»

በጥፊ አለኝ። ከዚያ ፖሊሶቹ እየነዱ ወሰዱኝ።

ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ሜዳው ላይ ሰዉን በእሾህ አጥር አጉረውታል። ነገሩ ካልወጣ ማንም ቤቱ አይገባም፤ የአውጫጭኝ ደንቡ ነው። ዝናብ ይወርዳል። በየደጁ ጥጆች ይጮኻሉ። ጠመንጃ ደቅነው «ማን አየ?» ይላሉ፤ ይኼን ነው ማጣራት የሚሉት!

«ልጄ፣» አሉኝ የክርስትና አባቴ፤ በርኖሳቸው ውሃ ያንጠባጥባል። «ዋሽቼ ነው በይና እንግባ። ላሞቹ አልታለቡም።»

«አጎቴን የገነዙት እርስዎ አይደሉም? ጀርባውን አላዩም?»

«ዓይኔ ደክሟል።»

«ፊደል ቆጥራ መጥታ በረሃብ ልትፈጀን ነው!» አለች አንዷ ከኋላ።

ሁሉም ያውቃል። ከአዛዡ ይልቅ በእነሱ ደሜ ፈላ።

አዛዡ መሃል አቆመኝ። «ሲገረፍ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ሰማችሁ?»

«አልጨረስኩም! ማን እንደመታው አላየሁም፤ ያላየሁትን አልምልም። ቁስሉን በለጋ ቅቤ ያሸሁት ግን እኔ ነኝ። ከትከሻው እስከ ወገቡ ቆዳ አልነበረውም። በእጄ ነክቼዋለሁ።»

ከኋላ የተናገረችው ሴትዮ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ዋሸሁ በይ፤ አሁኑኑ ትፈቻለሽ። እነሱም ይገባሉ» አለኝ አዛዡ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሰዉ ሁሉ አፌን ያያል።

«የነገርኩዎት እሱ ነው» አልኩት።

የክርስትና አባቴ በርኖሳቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። አንገታቸውን ግን ቀና አላደረጉም።

አንዱ ፖሊስ ክንዴን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። አልጠበቅኩትም። አጥሩን አልፌ፣ ጭቃውን እየረገጥኩ፣ ወደ ጣቢያው ቀድሜው ሄድኩ።