ከቤቷ ሃያ ደቂቃ የሚርቀው ማደሪያ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የተሰማ ዕለት፣ ከከረክ ከተማ በስተደቡብ ባለችው መንደር የሹፌሩ የአቡ ሙዓዝ ቤት በሰው ተጨናንቆ ዋለ። ከአራት ወንዶች በኋላ የተወለደችው ሩዋይዳ ከመቶ ዘጠና ሦስት አምጥታለች። ጎረቤቱ ክናፋ የሚባለውን ጣፋጭ በትሪ ተሸክሞ ይገባል፤ ወንድሞቿ ከመኪና መስኮት ወገባቸው ድረስ ወጥተው መንደሩን በጡሩምባ ያናውጡታል፤ እናቷ እልል ስትል ውላ ድምጿ ተዘግቷል።

ጥያቄው የመጣው ገና ጣፋጩ ሳያልቅ ነው።

"እና የት ልትማሪ ነው?" አላት የአባቷ ታናሽ ወንድም ናይፍ።

"ሒሳብ ነው የምማረው አጎቴ።"

"ምን አልኩሽ? የት ነው ያልኩሽ! ዋና ከተማው፣ አማን ነዋ! የትልቁ ዩኒቨርሲቲ ስም እኮ አንቺ አፍሽን ባትከፍቺ እንኳ በር ይከፍትልሻል። እዚህ ጎናችን ያለው አጥሩ ሥር ፍየል ነው የሚግጠው።"

እንግዶቹ ሳቁ። እውነቱን ለመናገር ሩዋይዳም አማንን ትመኝ ነበር። ከመንደር መውጣት፣ አዲስ ሰው ማወቅ፣ የማን ልጅ ናት ሳይባል መንገድ ላይ መሳቅ ያምራታል። ችግሩ፣ በመደበኛው ክፍያ ለመግባት ነጥቧ በጥቂቱ ይጎድላል። ጨምሮ ለሚከፍል መግቢያ አለ፤ ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም። አባቷ ይህን እያወቀ ለአፍታም አላመነታም።

"የወይራውን ማሳ እሸጣለሁ" አለ ሰው ሁሉ እየሰማ። "ያለችኝ አንድ ሴት ልጅ ናት።"

ሩዋይዳ ማሳው በእሷ ምክንያት እንዲሸጥ አልፈለገችም። "ቆይ አባዬ፣ መጀመሪያ አይቼው ልምጣ" አለችው።

በሳምንቱ ማለዳ አባቷ በሚነዳው አውቶቡስ አማን ሄደች። አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ በየቀኑ እየተመላለሰች የምትማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች።

"ኑሮው እንዴት ነው?" ስትል ሩዋይዳ ጠየቀቻት።

"የቱ ኑሮ እህቴ? ከአውቶቡስ ወርዶ ክፍል፣ ከክፍል ወጥቶ አውቶቡስ። ወላሂ፣ ጓደኞቼ እነዚህ ናቸው" አለች፣ ከኋላ አፋቸውን ከፍተው የተኙትን በአገጯ እያሳየች። "ሹፌሩ አባትሽም አሉበት።"

ግቢው ግን ልብ ይሰርቃል። ረጃጅም ዛፎች፣ ሰፊ ደረጃዎች፣ ሣር ላይ ተኮልኩለው የሚንጫጩ ልጆች። ሦስት ሴቶች በአነጋገሯ ተስበው "የደቡብ ልጅ ነሽ? እስቲ ድገሚልን!" አሏት፤ ደገመችላቸውና አብረው ሳቁ። አባቷ ምሳ በሚበላበት ገንዘብ አንዲት ስኒ ቡና ጠጣች። ደስ አላት፤ እዚያው መቅረት አማራት።

"እህስ?" አላት አባቷ ሲመለሱ።

"ያምራል አባዬ።"

"እንግዲያው ይሸጣል።"

በማግሥቱ ለማንም ሳትናገር በጎናቸው ወዳለው ዩኒቨርሲቲ ሄደች። ፍየሎቹ እውነትም ከአጥሩ ሥር ነበሩ። ሻይ ቤቱ ጭር ብሏል። የሒሳብ ክፍል በር ላይ ቆማ ስታንገራግር፣ አንዲት ሸምገል ያሉ መምህርት "ግቢ እንጂ፣ ንፋስ አታስገቢብን" ብለው አስቀመጧት። ተማሪዎቹ ዘጠኝ ናቸው፤ መምህርቷ ሁሉንም በስማቸው ይጠራሉ። በመጨረሻ ጠመኔውን ለእሷ ሰጧት። ሩዋይዳ ሦስት መስመር ጻፈችና ተሳሳተች።

"የሚያምር ስሕተት ነው" አሉ መምህርቷ። "እንዲህ የሚሳሳት የሚያስብ ሰው ነው። በይ አሁን አርሚው።"

ስሕተቱን አርማ ስትጨርስ ክፍሉ አጨበጨበላት። አንዷ ተማሪ ስትወጣ እጇን ያዘችና ሻይ ጋበዘቻት፤ ሲያወሩ ሁለት ሰዓት አለፈ።

ማታውን ውሳኔዋን ተናገረች። "ወይራው ይቅር። እዚሁ እማራለሁ። ግን የዩኒቨርሲቲው የሴቶች ማደሪያ ውስጥ ነው የምኖረው፤ ከአውቶቡስ ክፍል፣ ከክፍል አውቶቡስ አልመላለስም።"

እናቷ ደነገጠች። "ቤትሽ በሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ እያለ? ሰው ከእናቷ ተጣልታ ወጣች አይልም?"

"በየሐሙሱ የሚታጠብ ልብስ ተሸክሜ ስመጣ ያየ ሁሉ መታረቃችንን ያውቃል እማዬ።"

አባቷ ሳቁ አመለጠው፤ ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት አልቻለም።

"ዘጠና ሦስት አምጥታ ከፍየል ጋር!" አለ ናይፍ ወሬውን ሲሰማ።

"ፍየሎቹ ክፍያ አይጠይቁኝም አጎቴ።"

ናይፍ ወር ሙሉ አኮረፋት። እናቷም መጀመሪያ ላይ ከፍቷት ነበር፤ ኋላ ግን በየማክሰኞው አንድ ድስት ሩዝና ዶሮ በአውቶቡስ መላክ ጀመረች፤ ለአንድ ሰው ብላ የሠራችው ለስድስት ይበቃል። የማደሪያው ልጆች አቡ ሙዓዝ ጡሩምባ ሲነፋ በደረጃ እየተጋፉ ይወርዳሉ። ሩዋይዳ ከእነሱ ጋር ለፈተና አነበበች፣ ተጣላች፣ ታረቀች፣ ከመካከላቸው ሁለቱ ሲዳሩ ሠርጋቸው ላይ ዘፈነች።

ይህ ከሆነ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈው። ዛሬ ከረክ ውስጥ በሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። የናይፍ ልጅ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ጥሩ ሥራ ይዛለች፤ ሩዋይዳም ከልቧ ደስ ብሏታል። አማን ስትሄድ በዚያ ዩኒቨርሲቲ በር ስታልፍ አንዳንዴ ቆም ትላለች፤ ትንሽ ቅር ይላታል፣ አትክድም። ከዚያ ስልኳ ይጮሃል። አማን የምትኖረው የማደሪያ ጓደኛዋ ናት፤ ቤቷ ምሳ ቀርቦ እየቀዘቀዘ እንደሆነ እየጮኸች ትነግራታለች፤ ሩዋይዳም እየሳቀች ታክሲ ትጠራለች።