ማህተም ያረፈበት ፎቶ

ስልኬ ያነብልኛል። ድምፁ አማርኛን በጎልማሳነቱ የተማረ ፈረንጅ ይመስላል፤ የሚጠብቀውን ያላላል፣ የሚላላውን ያጠብቃል። ቢሆንም ለምጄዋለሁ። ሞጣ ውስጥ ሥነ ዜጋ ሳስተምር ዜናውንም፣ ወሬውንም፣ የጓደኛ መልእክቱንም የምሰማው በሱ ነበር። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነኝ። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ከንፈር መጣጭስ ሞልቶኛል።

እናቴ ቢቸና ትኖራለች። አባቴ ከሞተ በኋላ የምትተዳደረው በጓሮዋ ጌሾ ነበር፤ ትለቅማለች፣ ታደርቃለች፣ በገበያ ቀን አውጥታ ትሸጣለች። አንድ ጊዜ የመንገድ ሥራውን የያዘው ቢሮ በኢንተርኔት ገጽ ከፍቶ፣ «አዲሱ የቢቸና መንገድ በየት ይለፍ? ሕዝቡ አስተያየት ይስጥ» ብሎ መለጠፉን ሰማሁ። ደስ አለኝ፣ ምን ይደበቃል። ስለ ሕዝብ ተሳትፎ ሳስተምር ለተማሪዎቼ የማሳያቸው ምሳሌ አጥቼ ስቸገር ኖሬአለሁና፣ አሁንስ አገኘሁ ብዬ ገጹን ከፈትሁ።

ስልኬ «ውድ ነዋሪዎች፣ ዝርዝሩን ከታች ይመልከቱ» አለና፣ ቀጥሎ «ፎቶ» ብሎ ዝም አለ። ጣቴን ወደ ታች ባወርድ፣ ወደ ላይ ብመልስ፣ ያው «ፎቶ» ነው። ለካ ጽሑፉን ወረቀት ላይ አትመው፣ ፈርመውና ማህተም መትተው፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አንጋለው ፎቶ አንስተውታል።

አብሮኝ የሚያስተምር ጓደኛዬ ሊያነብልኝ ሞከረ። የሱ ዓይን ደኅና ነው። «ወረቀቱ ተንጋዷል፤ ማህተሙ ፊደሉ ላይ ተቀምጧል፤ ላጉላው ስል ደግሞ ይበተናል» አለኝ። ከዚያ ሁሉ ለቅሞ ያወጣልኝ የእናቴን ሰፈር ስምና «ጓሮ» የሚል ቃል ብቻ ነው። ፈራሁ። ጓሮዋ ከሄደ እናቴ የምትበላው የላትም።

ወዲያው ቢሮው ደወልሁ። ስልኩን ያነሳው አንድ ወጣት ነው፤ ትሁት ነው፣ ትሕትናው ራሱ ያናድዳል። መምህር መሆኔን ነግሬ፣ ጽሑፉን ማንበብ እንዳልቻልሁ ገለጽሁለት።

«መምህር፣ ፎቶው ላይ እኮ ሁሉም ነገር አለ» አለኝ።

«ፎቶ አላይም። ጽሑፉን እንዳለ ጻፉና ለጥፉት፤ ስልኬ ያነብልኛል።»

«እንደሱማ አይሆንም። ማህተም የሌለውን ማን ያምነዋል? ነገ ‹ይኼ ከቢሮ የወጣ አይደለም› ይባላል።»

«እንግዲያው ሁለቱንም ለጥፉ።»

«ለሱ መመሪያ የለንም። ቤተሰብ ያንብብልዎት።»

በአገራችን ማህተም ካልተመታለት የሞተ ሰው እንኳ አልሞተም። ያንን ክብ ቀለም ለማሳየት ሲሉ ቃሉን ደፈኑት። ስልክ የሌላት፣ ፊደል ያልቆጠረችው እናቴስ? ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ የሚወጡት የገጠር ዘመዶቻችንስ? ስለነሱ የጠየቀ የለም። ሕዝብ ማለት በነሱ ቤት ስማርት ስልክ የያዘና ማህተም አሻግሮ የሚያነብ ሰው ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ አግኝቼ፣ በጉንደ ወይን በኩል ተሳፍሬ ቢቸና ስደርስ የአስተያየቱ ጊዜ አልፎ ነበር። እናቴን ይዤ ቢሮው ሄድሁ። ያው ትሁት ወጣት በር ላይ ተቀብሎን «ደረጃ አለ፣ ይጠንቀቁ መምህር» አለኝ። ደረጃውንማ በዘንጌ ካገኘሁት ቆይቻለሁ።

ተቀመጥን። «መንገዱ በሰፈራችሁ እንዲያልፍ ሕዝቡ ተስማምቷል፤ የቀረበ ተቃውሞ የለም» አለ።

ደሜ ፈላ። አንቱታውን ትቼ፣ «ያላነበብነውን ነገር እንዴት አድርገን እንቃወም? ወረቀቱን አምጣና ጮክ ብለህ አንብብ!» አልሁት።

አነበበ። ሻይ እስኪበርድ እንኳ የማይፈጅ ጽሑፍ ነው። መንገዱ በእናቴ ሰፈር ጓሮዎች ወይም ከሰፈሩ በታች ባለው ባዶ ሜዳ ሊያልፍ ይችላል ይላል። የመጨረሻው መስመር ጥያቄ ነው፤ «ከሁለቱ የቱ ይሻላል?»

«የታችኛው» አለች እናቴ።

ወጣቱ ወረቀቱን አጠፈ። «እማማ፣ ጊዜው እኮ አልፏል» አላት።

«ምኑ ነው ያለፈው ልጄ? አሁን ጠየቅኸኝ፣ አሁን መለስሁልህ።»

«ወረቀቱን አነበብሁ እንጂ እርስዎን አልጠየቅሁም» አላት።

ከዚያ ቢሮ የሰማሁት እውነት ይኼ ብቻ ነው። ክረምቱ እንደ ወጣ ዶዘር መጥቶ ጌሾዋን ገፋው።