የጊታሩ ብሎንና የሽማግሌው እግር ብረት

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ ያመጣኝን ካሚዮን ፍሬኑን የጠገንኩት እኔው ነበርኩ፤ ያውም በዚያው ሳምንት። እጄን የፊጥኝ ታስሬ ከኋላ ተጭኜ፣ በየጠመዝማዛው ፍሬኑ ጥርቅም አድርጎ ሲይዝ እየሰማሁ «አቤት ስሠራ!» እላለሁ። ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ከዚህ ይገባችኋል። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። በጣልያኖቹ ጋራዥ እየሠራሁ ለአርበኞች የሚሄድ ደብዳቤ ከመቀመጫ ሥር ስሸጉጥ እጅ ከፍንጅ ተያዝኩ።

የታሰርኩበት ክፍል ድሮ የእህል ማከማቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ግድግዳው ገና ገብስ ገብስ ይሸታል። ውስጡ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። የቦሩ ሜዳ ሰው ናቸው፤ ሥራቸው ጠመንጃ መጠገን። የማንን ጠመንጃ እንደጠገኑ ተጠይቀው አልናገርም በማለታቸው ነው የታሰሩት። የእኔ ዓይን ግን ያረፈው ፊታቸው ላይ ሳይሆን በግራ እግራቸው ካለው ብረት ላይ ነው። ብረቱ የሚዘጋው በአንድ ወፍራም ብሎን ነበር። የብሎኑ ራስ ተበልቶ ተበልቶ ካቻቢቴ የሚገባበት ስንጥቅ ጠፍቷል።

«ማነው ይኼን ብሎን እንዲህ የፈጀው?» አልኩ።

ሽማግሌው ሳቁ። «አሰላሙ አለይኩም ይቀድማል፣ ልጄ።»

ክርስቲያን ብሆንም የወሎ ልጅ ነኝና መልሱን አላጣሁትም። አፍሬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ዘበኞቹ ብረቱን ወደ ቀኝ እግራቸው ሊያዛውሩት ሲታገሉ ብሎኑን አበላሽተው ትተውታል። እኔ ስገባ ሦስት ወር ሆኖት ነበር። ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ ብረቱን ሞልቶታል፤ ሌሊት ሌሊት ሲያቃስቱ እሰማለሁ። እሳቸው የሚያነሱት ግን ሌላ ነበር። «የውዱእ ውሃ ኸብረቱ ሥር አይገባልኝም» አሉኝ አንድ ቀን፤ ከስግደት በፊት የሚታጠቡትን ማለታቸው ነው። «ሸሪዓው አቅልሎልኛል፤ በላዩ ማበስ ይበቃኛል። ልቤ ነው እንቢ ያለኝ።»

አንድ ጠዋት አስተርጓሚው በሩን ከፍቶ «መሣሪያ የሚያውቅ አለ?» ሲል ሰውየው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተነሥቼ ቆሜያለሁ። አራት ወር ሙሉ እጄ ብረት አልነካም ነበር። ምን እንደሚሠራ እንኳ አልጠየቅሁም።

«አብሽር፣ ቀስ በል» አሉኝ ሽማግሌው። «ኸብሎን ጋር ጉልበት አትግጠም። መፍታት ስትሻ ፊት አጥብቀው።»

የካሚዮን ጎማ ለሚፈታ ሰው እንዲህ ዓይነት ምክር! በሆዴ ሳቅሁባቸው።

የእስር ቤቱ አዛዥ ጣልያን መኮንን ቢሮ፣ ጠረጴዛ ላይ ያየሁትን ነገር በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። ጊታር ነው፤ ግን እንጨት አይደለም፣ ሁለመናው ብረት ነው። ከጎኑ ሽቦ ወጥቶ ወደ አንድ ሳጥን ይገባል። አሜሪካ ያለ ወንድሙ ልኮለት ነው፤ በኤሌክትሪክ ይጮሃል አሉኝ። አሁን ግን ድዳ ሆኗል፣ ማታ ደግሞ ግብዣ አለ። ክዳኑን ከያዙት ብሎኖች አንዱን ከእኔ በፊት የሞከረ ሰው በልቶታል። ጠረጴዛው ላይ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ አንዲት ቀጭን ሞረድ ተደርድረዋል። ሞረዷን ሳይ ልቤ ዘለለ፤ የታየኝ የሽማግሌው እግር ነው። ልስረቃት? ዘበኛው ከትከሻዬ አይርቅም። ብያዝ የሚገረፉት እሳቸውም ጭምር ናቸው።

ካቻቢቴውን ይዤ በጋራዥ ልማዴ ተጫንኩት። ፍትልክ! ብሎኑን ስቶ ክዳኑን ጫረው። መኮንኑ ጮኸ። ላብ አጠመቀኝ፤ ያኔ የሽማግሌው ምክር ትዝ አለኝ። በሞረዷ ጫፍ በብሎኑ ራስ ላይ አዲስ ስንጥቅ አወጣሁለት። ከዚያ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ፣ ወደ መፍቻው ሳይሆን ወደ ማጥበቂያው፣ እንደው ጸጉር ታህል ገፋሁት። ቀጭ አለ። ወደ ኋላ ስመልሰው እየተሽከረከረ ወጣ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ «ወጣ! ወጣ!» እያልኩ ለጠላት መኮንን ብሎን አሳያለሁ!

ውስጡ አንዲት ሽቦ ተነቅላ ኖሯል። በጋለ ብረት እርሳስ አቅልጬ ያዝኳት። መኮንኑ ክሩን ሲመታው መስኮቱ ነዘረ። ከግቢው ማዶ እስረኞቹ ሲንጫጩ ተሰማኝ፤ ሰማዩ የተቀደደ መስሏቸው ነበር አሉ። እኔማ ተነሥቼ መጨፈር አማረኝ።

«ምን ትፈልጋለህ ይልሃል። ዳቦ? ሲጋራ?» አለኝ አስተርጓሚው።

«ካቻቢቴውንና ሞረዷን፤ ለጥቂት ጊዜ።»

አስተርጓሚው ደነገጠ። «አብደሃል? እስረኛ ሞረድ ይጠይቃል?»

«ልቆርጥበት አይደለም። የሽማግሌው ብሎን የዚህኑ ጊታር በሽታ ይዞታል በለው። እግራቸው ሊበሰብስ ነው።»

መኮንኑ ክሩን አንድ ሁለቴ መታ መታ አደረገና ሳቀ። ዘበኛው እንዲቆምብኝ አዘዘ፤ ግራው እንደተፈታ ብረቱ ቀኙ ላይ ይጠለቃል። የሚያጠልቀውም እኔው ነኝ። እሺ አልኩ፤ አፌ ግን መረረኝ።

ሽማግሌው ነገሩን ሲሰሙ «አላህ ያግራው» ብለው እግራቸውን ዘረጉልኝ። ዝገቱን በላምባ አራስኩ፣ ስንጥቁን አወጣሁ፣ አጠበቅሁ። እሳቸው ጥርሳቸውን ነክሰው «ትንሽ... አሁን መልሰው» ይሉኛል። ብሎኑ እየጮኸ ወጣ። ብረቱ ሲላቀቅ ቆዳቸውን ይዞ ነው፤ እሳቸው ግን «አልሀምዱሊላህ» አሉ እንጂ አልጮኹም።

ዘበኛው በቀኝ እግራቸው ላይ እንዳጠልቀው በእጁ አመለከተኝ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። «ቆይ። ፊት ውዱእ አደርጋለሁ» አሉት፤ ልመና አልነበረም። ዘበኛው ከባሕር ማዶ የመጣ አስካሪ፣ የጣልያን ቅጥር ወታደር ነው፤ አማርኛችን አይገባውም፤ ውዱእ የምትለዋ ቃል ግን ገባችው። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ የራሱን ኮዳ አነሣና እያጎነበሰ ያፈስላቸው ጀመር። እጃቸውን፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን ታጠቡ፤ ራሳቸውን አበሱ፤ ቀኝ እግራቸውን አስቀደሙ። በመጨረሻ ውሃው ያን የቆሰለ ቁርጭምጭሚት ዙሪያውን ሲነካው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሰግደው ሲያበቁ ቀኝ እግራቸውን ራሳቸው አቀረቡልኝ። «በል ሥራህን ሥራ፣ ልጄ።» አጠለቅሁት። ብሎኑን ግን ስንጥቁን ጥልቅ አድርጌ፣ ሞራ ቀብቼ ነው የዘጋሁት፤ ነገ የሚፈታቸው ሰው እንዳይቸገር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወሰዷቸው፤ ወዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሲወጡ በሁለት እግራቸው እየረገጡ ነበር።

አሁን እዚሁ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ትንሽ የጥገና ሱቅ አለችኝ። የባንድ ልጆች የኤሌክትሪክ ጊታራቸውን ያመጡልኛል፤ ብሎኑን በልተውት ነው የሚመጡት። «ፊት አጥብቀው» እላቸዋለሁ፤ በሆዳቸው ይስቁብኛል። ጠግኜ ስሰጣቸው ክሩን መትተው «ጋሼ፣ ድምፁ እንዴት ነው?» ይሉኛል።

ጥሩ ነው እላለሁ፤ እውነቴን ነው። ከዚያ ኮዳ ውሃው በዚያ ቁርጭምጭሚት ላይ ሲፈስ የሰማሁትን ድምፅ የሚያህል ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።